ለልጅ ስልክ የትኛው መቆጣጠሪያ ይሻላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች የቀረበ ንጽጽር

አፕ ከማውረድዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፦ መቆጣጠሪያውን ማን ይይዛል? ደሴም ሆነ ታች ኮምቦልቻ፣ የልጅ ስልክ ነገር አስጨንቋቸው ከሚያማክሩኝ ወላጆች ጋር ስነጋገር ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። እናት ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሽፍት ገብታለች፤ አባት መኪና ይዞ ወጥቷል፤ ልጁ ከአያቱ ጋር ይውላል። ወይም እናት ጅዳ ናት፤ ታብሌቱን የላከችው እሷ ናት፤ ቤት ያሉት እማማ ግን ስልክ ሲጠራ አንስተው "ሀሎ" ከማለት ያለፈ ነገር አያውቁም። በጣም ጥሩ የተባለው አፕ እንኳ የሚከታተለው ሰው ካጣ ብዙም ሳይቆይ ለስሙ የተጫነ ሆኖ ይቀራል። ቀላሉ ዘዴ ደግሞ በትክክል ከተሞላና የሚስጥር ቁጥሩ በትልቅ ሰው እጅ ካለ ዓመቱን ሙሉ ሥራውን ይሠራል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ፣ ስልኩም አንድሮይድ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ስማርት ስልክ የያዘ አንድ ትልቅ ሰው ካለ ፋሚሊ ሊንክን፣ ማለትም ወላጅ የልጁን ስልክ ከራሱ ስልክ የሚቆጣጠርበትን የጉግል አፕ፣ ይምረጡ። ስልኩ አይፎን ከሆነ ከራሱ ጋር የሚመጣው ስክሪን ታይም ይበቃል። ቤት ውስጥ የሚከታተል ሰው ከሌለ ፕራይቬት ዲኤንኤስ፣ ማለትም ነውረኛ ድረ ገጾችን የሚያግድ የስልኩ ማስተካከያ፣ አንድ ጊዜ ሞልቶ መተው ከምንም ይሻላል፤ እንዲያውም ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይጠቅማል። ገና ትምህርት ቤት ላልገባ ሕፃን ግን ማጣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ኔት የሌለው ስልክ ነው።

አደጋው የሚገባው በየት ነው?

ወላጅ ሁሉ "ብራውዘሩን ዝጉልኝ" ይላል። ብራውዘሩ መዘጋቱስ ይዘጋ፤ ግን ልጆቻችን ጉግል ከፍተው ድረ ገጽ ሲያስሱ የሚያጠፉት ጊዜ ትንሽ ነው። የሚውሉት ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ነው። ቴሌግራምን ነቅሎ መጣል ደግሞ ከባድ ነው። መምህሩ ወርክሺት የሚልከው በክፍሉ ግሩፕ ነው፤ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ያልደረሰው ተማሪ ፒዲኤፉን የሚያገኘውም እዚያው ነው።

ይህን ልብ ይበሉ። የድረ ገጽ ማጣሪያ በአብዛኛው የሚሠራው የድረ ገጹን ስም አይቶ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ያለው ቪዲዮ ሁሉ የሚመጣው ግን ከራሱ ከቴሌግራም ሰርቨር ስለሆነ፣ የሒሳብ ትምህርት የሚሰጠው ቻናልና ነውረኛው ቻናል በማጣሪያው ፊት አንድ ናቸው። ማጣሪያው ቴሌግራምን ወይ ጨርሶ ይዘጋዋል ወይ ጨርሶ ይለቀዋል፤ መሀል የለውም። "ዲኤንኤስ ሞላሁለት፣ አሁን ተገላገልኩ" የሚል ወላጅ ስሰማ የምሰጋው ለዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ ኔት ጨርሶ የማያስፈልገው ነው። ልጆች ቪዲዮም፣ ጌምም፣ አፕም የሚለዋወጡት በዜንደር ነው፤ ካልሆነም ሚሞሪ ካርድ ይዋዋሳሉ። ትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ላይ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃ ስንት ነገር እንደሚተላለፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ በታች ከማወዳድራቸው ውስጥ በዜንደር የመጣ ቪዲዮን የሚያግድ አንድም የለም። በዜንደር የመጣ አፕ እንዳይጫን ማገድ ግን ይቻላል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሦስተኛው ቪፒኤን ነው፤ የተዘጋን ነገር በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚያስከፍት አፕ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው በቆዩበት ጊዜ ቪፒኤን ብዙ ቤት ገብቷል። ያኔ ታላቅ ወንድሙ ሲጭን ያየ ልጅ ዛሬ ራሱ ይጭናል። ቪፒኤን የተከፈተበት ስልክ የዲኤንኤስ ማጣሪያን ብዙ ጊዜ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ልጁ አፕ በራሱ ፈቃድ መጫን የሚችል ከሆነ ድረ ገጽ መዝጋቱ ብቻውን ልፋት ነው። ሁለቱ አብረው ነው መሄድ ያለባቸው።

ፋሚሊ ሊንክ፦ የሚከታተል ሰው ላለበት ቤት

ይህ ጉግል በነፃ የሚሰጠው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ። ወላጁ በራሱ ስልክ ላይ አፑን ይጭናል፤ የወላጁ ስልክ አንድሮይድም አይፎንም ሊሆን ይችላል። ከዚያው ላይ ለልጁ በትክክለኛ የልደት ቀኑ የጂሜይል አካውንት ይከፍትለታል፤ የልጁን ስልክም በዚያ አካውንት ያስገባል። በዚህ ጊዜ ልጁ ስልክ ላይ ቀድሞ የነበረው አካውንት፣ የአጎትም ይሁን የእናት፣ መውጣት አለበት። ብዙ ቤት ሥራው የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የድሮው አካውንት ካልወጣ ልጁ በእሱ በኩል የፈለገውን ያወርዳል።

ከተጫነ በኋላ ልጁን ይምረጡና መቆጣጠሪያው ውስጥ ጉግል ክሮም የሚለውን ይክፈቱ። ሦስት ደረጃ ያገኛሉ። አንደኛው ሁሉንም ድረ ገጽ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ግልጽ የወሲብ ይዘት ያላቸውን ለማገድ ይሞክራል፤ "ይሞክራል" የሚለው የጉግል የራሱ ቃል ነው፤ ሁሉንም ይይዛል ብለው አይመኑ። ሦስተኛው እርስዎ ከፈቀዱት ድረ ገጽ ውጭ ምንም አይከፍትም።

ከአሥር ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ማመንታት ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ወላጆች "ይከብዳል፣ ሁልጊዜ ፍቀዱልኝ እያለ ያስቸግረናል" ይላሉ። መጀመሪያ አካባቢ እውነት ነው። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ አክስቷ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ ትደውልላታለች፦ "አክስቴ፣ የሳይንስ ነው፣ ፍቀጂልኝ።" አክስት ዘንቢሏን መሬት ታስቀምጥና ስልኳን ታወጣለች። የመጣላት መልእክት ላይ የድረ ገጹ ስም ተጽፏል፤ ከፍታ ታየዋለች፤ ስለ ዕፅዋት ክፍሎች የሚያስረዳ ነው፤ ትፈቅዳለች። አንዴ የተፈቀደ ድረ ገጽ ሁለተኛ አይጠየቅም። ልጅ የሚመላለስባቸው ድረ ገጾች ደግሞ ብዙ ስላልሆኑ ጥያቄው በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የምወደው አክስቲቱ ልጅቷ ምን እያነበበች እንደሆነ ማወቋ ነው።

ከድረ ገጹ ይልቅ ፋሚሊ ሊንክን እንድመርጥ የሚያደርገኝ የአፕ ፈቃዱ ነው። ልጁ ከፕሌይ ስቶር አዲስ አፕ ሲፈልግ ጥያቄው ወደ ወላጁ ስልክ ይሄዳል፤ ከፕሌይ ስቶር ውጭ፣ ማለትም በዜንደር ወይም በቴሌግራም የመጣ አፕ እንዳይጫን መዝጋትም ይቻላል። ቪፒኤን በዚህ ይያዛል። የመኝታ ሰዓት ላይ ስልኩ ራሱን እንዲቆልፍ፣ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ብቻ እንዲሠራም ያደርጋል። የተሞላው ደንብ ኔት ቢጠፋም ይቀጥላል፤ ኔት የሚፈልገው አዲስ ነገር ለመፍቀድ ወይም ለመቀየር ሲሆን ነው። የእኛ ኔት መቆራረጥ ስለሚያበዛ፣ ያለ ኔት የተቆለፈውን ስልክ የሚከፍት የወላጅ ኮድ አፑ ውስጥ እንዳለም ይወቁ።

አሁን ወደ ድክመቱ። የክሮም ማጣሪያው ያለው ክሮም ላይ ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ስልኮች ከነፊኒክስ ብራውዘራቸው ነው የሚመጡት፤ ልጆች ደግሞ ዳታ ይቆጥባል ብለው ኦፔራ ሚኒ ይጭናሉ። ክሮምን ቆልፎ ፊኒክስን ክፍት የተወ ወላጅ ምንም አልቆለፈም። ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ የአፖች ዝርዝር ይግቡና ከክሮም በቀር ያሉትን ብራውዘሮች አንድ በአንድ ይዝጉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የዚህ ሁሉ ልፋት ጥቅም ግን በእሱ ላይ ነው የቆመው።

ሌላው ዕድሜ ነው። 13 ዓመት የሞላውና የራሱ ጂሜይል ያለው ልጅ በፋሚሊ ሊንክ እንዲገባ የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በግድ አይሆንም። ስለዚህ ልጅዎ 11 ወይም 12 ከሆነ አሁን ነው ጊዜው።

ወደ ሞባይል ቤት ወስዶ ፎርማት ማስደረግ የሚባለውም አለ። ልጁ ቤት ሲመለስ ስልኩ አዲስ መስሎ ከመጣ፣ ወይም ፋሚሊ ሊንክ ላይ ስልኩ መታየት ካቆመ፣ የሆነውን ያውቃሉ። አብዛኛው ባለሙያ ታዳጊ ልጅ ብቻውን ይዞት ለመጣ ስልክ ወላጅህን ጥራ ይላል፤ የማይልም አይጠፋም። ሰፈርዎ ያለውን ሞባይል ቤት አስቀድመው ቢያናግሩ ጥሩ ነው።

እናት ውጭ አገር ስትሆን

ይህን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ወሎ ውስጥ ይህ ያልነካው ሰፈር የለምና። ከዐረብ አገር የምትደውል እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው "ከዚህ ሆኜ ልቆጣጠረው እችላለሁ ወይ?" ብላ ነው። የጉግል ደንብ የአንድ ቤተሰብ ቡድን አባላት በአንድ አገር የሚኖሩ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ስለዚህ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ሆኖ አካውንቱን የሚከፍተው እዚሁ ያለ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ አክስት፣ አጎት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ታላቅ እህት። አስተዳዳሪው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

እናትየው ውሳኔውን በስልክ ትወስናለች፤ እዚህ ያለው ሰው ይጭናል። ይህ ከአንዳንድ ወላጅ ምኞት ያነሰ መሆኑ ይገባኛል። ያለ ስምምነት ግን አይሠራም፤ እናት ከሩቅ "አይሆንም" ያለችውን አጎት እዚህ አዝኖ የሚፈቅድ ከሆነ ልጁ በመሀል መንገዱን ያገኛል። ታብሌቱን ገና ያልላከች እናት ደግሞ የራሷን አካውንት ከፍታበት አትላከው። የእሷ አካውንት ባለበት ስልክ ላይ ልጁ የትልቅ ሰው ፈቃድ አለው ማለት ነው።

ፕራይቬት ዲኤንኤስ፦ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚተው

ይህኛው አፕ አይደለም፤ ስልኩ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ነው። ልጁ የድረ ገጽ ስም ሲጽፍ ስልኩ መጀመሪያ የዚያን ስም አድራሻ ይጠይቃል፤ ጥያቄውን የሚመልሰው ዲኤንኤስ ይባላል። ለደሴ እንግዳ የሆነ ሰው ባጃጅ ይዞ የሚሄድበትን ቤት ስም ሲናገር ሹፌሩ "እንዲህ የሚባል አላውቅም" ቢለው መንገዱ እዚያው ይቀራል። የማጣሪያ ዲኤንኤስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ነውረኛ ድረ ገጾችን ስማቸውን እንደማያውቅ ሆኖ ይመልሳል።

አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ በሆነ ስልክ ሁሉ ይሠራል። ሴቲንግ ይክፈቱና ላይኛው መፈለጊያ ላይ "ፕራይቬት ዲኤንኤስ" (Private DNS) ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ይመጣልዎታል። ከሦስቱ ምርጫ የመጨረሻውን፣ ስም የሚያስጽፈውን ይምረጡ። እዚያ ላይ የሚጻፉትን ሁለት ስሞች አወዳድራለሁ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

የክላውድፍሌር የቤተሰብ ዲኤንኤስ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። የሚጻፈው "ፋሚሊ፣ ነጥብ፣ ክላውድፍሌር፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም" ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ክፍተት ነው (family.cloudflare-dns.com)። የወሲብ ድረ ገጾችንና ቫይረስ የሚያስገቡትን ያግዳል። የክሊንብራውዚንግ የቤተሰብ ማጣሪያ ደግሞ "ፋሚሊ፣ ሰረዝ፣ ፊልተር፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ክሊንብራውዚንግ፣ ነጥብ፣ ኦርግ" ተብሎ ይጻፋል (family-filter-dns.cleanbrowsing.org)። እሱ ጠበቅ ያለ ነው። የጉግልን ፍለጋ በግድ ወደ ሴፍ ሰርች (ነውረኛ ውጤትን ወደሚያጣራው ፍለጋ)፣ ዩቲዩብንም ወደ ገደብ ሁኔታ ያስገባል፤ የቪፒኤንና የፕሮክሲ ድረ ገጾችን ያግዳል፤ እንደ ሬዲት ያሉ ንጹሑና ነውረኛው የተቀላቀለባቸውንም ይዘጋል።

ለልጅ ብቻ ለሆነ ስልክ ክሊንብራውዚንግን እመርጣለሁ፤ እናትና ልጅ በአንድ ስልክ ለሚጠቀሙበት ቤት ክላውድፍሌር ይሻላል። ምክንያቱ ዩቲዩብ ነው። በገደብ ሁኔታ ውስጥ የቪዲዮ አስተያየቶች አይታዩም፤ ምንም ነውር የሌለባቸው ቪዲዮዎችም አብረው ይጠፋሉ። የማጣራቱ ጥራት እንደ ቋንቋውና እንደ አገሩ ባህል እንደሚለያይ ዩቲዩብ ራሱ ያስታውቃል፤ የአማርኛ ስድብ የሞላበት ቪዲዮ አልፎት የሚፈልጉት መንዙማ ወይም መዝሙር ቢቀር አይደነቁ።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም የሚከታተለው ሰው አለመፈለጉ ነው። እማማ ምንም ማድረግ አይጠበቅባቸውም። በሞባይል ዳታም በዋይፋይም ይሠራል፤ ፓኬጅ አይበላም፤ ለሁሉም ብራውዘር ያገለግላል። ኦፔራ ሚኒ ግን ገጹን በራሱ ሰርቨር አሳልፎ ሲያመጣ ሊያመልጠው ስለሚችል እሱን ያጥፉት።

ድክመቱ ደግሞ ልጁ ሴቲንግ ገብቶ "ኦፍ" ካለው አለቀ ማለቱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ያገኘዋል። ስልክዎ አፕ ሎክ ካለውና ሴቲንግን መቆለፍ ከፈቀደ ይቆልፉት። ሌላው ጥንቃቄ የፊደል ስህተት ነው። አንዲት ነጥብ ብትሳሳት ስልኩ ኔት ጨርሶ አይኖረውም፤ ወላጅ "ኔት ተቋርጧል" ብሎ ካርድ ይሞላል፤ ችግሩ ግን እዚያ መስመር ላይ ነው።

ቤት ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም ዋይፋይ ላላቸው ይህንኑ ራውተሩ ላይ መሙላት ይቻላል። በብራውዘር 192.168.1.1 ወይም ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይግቡና ዲኤንኤስ የሚለው ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ይሙሉ፤ ክሊንብራውዚንግን ከመረጡ 185.228.168.168 እና 185.228.169.168 ነው። ቤት ያለው ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ በአንዴ ይሸፈናል። ሆኖም ልጁ የሞባይል ዳታ ሲከፍት ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ሲይዝ ይወጣል። በአንድ ግቢ አራት አምስት ቤት ተከራይቶ ዋይፋይ በሚጋራበት ሰፈር ደግሞ ራውተሩ የሁሉም ስለሆነ ሳይነጋገሩ መቀየር አይገባም።

አይፎን

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ የተሻለው ምርጫ ግልጽ ነውና። ስክሪን ታይም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አይፎንና አይፓድ ውስጥ ያለ ነው። ሴቲንግ፣ ስክሪን ታይም፣ ከዚያ የይዘትና የግላዊነት ገደብ የሚለው ውስጥ "ዌብ ኮንቴንት" ይፈልጉ። "የአዋቂ ድረ ገጾችን ገድብ" ወይም "የተፈቀዱትን ብቻ" ይላል። የመጀመሪያው የሳፋሪን የግል ማሰሻም አብሮ ያጠፋዋል። ሁለተኛ ስልክ አይፈልግም፤ ኔትም አይፈልግም፤ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከስልኩ መክፈቻ የተለየ ይሁን፤ ልጁ ጎን ቆሞ እያየ አይሙሉት። አዲስ አፕ መጫንንም እዚያው ይከልክሉ። ቁጥሩ ቢጠፋ የሚያስመልሰው የአፕል አካውንት ነው፤ ስልኩ ከውጭ ተልኮ በሌላ ሰው አካውንት ላይ ያለ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያስተካክሉ።

ሌሎቹ

ሳምሰንግ የያዘ ሰው ሳምሰንግ ኪድስን ከላይ ወደ ታች ስቦ ከሚመጣው ዝርዝር ያገኘዋል። ስልኩ የወላጅ ሆኖ ለትንሽ ልጅ ለግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ወላጁ ከፈቀደው በቀር ምንም አይታይበትም፤ ለመውጣት የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። የራሱ ስልክ ላለው ትልቅ ልጅ ግን አይሆንም።

በክፍያ የሚሠሩት የውጭ አፖች፣ እነ ኩስቶዲዮና ኖርተን ፋሚሊ፣ ጥሩ ናቸው ይባላል። የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሬ ካርድ ስለሆነና ከላይ ያሉት ነፃዎቹ የአብዛኛውን ቤት ጉዳይ ስለሚሸፍኑ አልመክራቸውም።

ሲም የሌለው ስልክ ብዙ ሰው የሚንቀው ምርጫ ነው። ትንሽ ልጅ ዳታ ለምን ያስፈልገዋል? የሚያየውን ካርቱን፣ የፊደል ገበታውን፣ ቁርአኑን ወይም መዝሙሩን ወላጅ አውርዶ ይጫንለት። ሲም ካስፈለገ ደግሞ ሒሳቡን ይጠንቀቁ፤ ቀሪ ብር ያለበት ሲም ላይ ልጅ *999# ደውሎ ፓኬጅ መግዛት ይችላል። የቴሌብር ፒን ለልጅ አይነገርም። ልጁ ትምህርት ቤት ደርሶ እስኪመለስ ለመደወል ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ ባለ ቁልፉ ተራ ስልክ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደርሰዋል፤ ባትሪውም ይቆያል።

ቴሌግራምና ቲክቶክስ?

ከ13 ዓመት በታች ቲክቶክ አይከፈት፤ የኩባንያው ደንብም ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ወላጁ የራሱን ቲክቶክ ከልጁ ጋር የሚያገናኝበት "ፋሚሊ ፔሪንግ" አለ፤ ሰዓትና የግል መልእክት ከዚያ ይገደባል።

ለቴሌግራም የማምንበት አንድ ዘዴ አለ። የክፍሉ ግሩፕ በወላጅ ስልክ ላይ ይሁን፤ ወርክሺቱንና ፒዲኤፉን ወላጁ አውርዶ በዜንደር ወደ ልጁ ስልክ ያሳልፍ። በቀን አምስት ደቂቃ ነው። ይህ ለታችኛው ክፍል ልጅ ያለ ችግር ይሠራል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ልጁ ራሱ ግሩፑ ውስጥ መግባት ይፈልጋል፤ ያኔ ቴሌግራሙን ከፍተው ፕራይቬሲ ውስጥ "ግሩፕና ቻናል ውስጥ ማን ሊያስገባኝ ይችላል" የሚለውን ወደ "የማውቃቸው ብቻ"፣ ስልክ ቁጥሩን ማን ያያል የሚለውን ወደ "ማንም አያይም" (ኖባዲ) ይቀይሩ፤ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ይዝጉ። የማያውቀው ሰው ልጁን ዘሎ አንድ ቻናል ውስጥ መክተት ይቀርለታል። ለእኔ ከሁሉም ማስተካከያ በላይ ዋጋ ያለው ይህ ነው፤ ብዙ ልጅ ነውሩን ፈልጎ ሳይሆን ሳይፈልግ ነው የሚገባበት።

ቤት በቤት ስንመርጥ

ኮምቦልቻ፣ እናት በሽፍት የምትሠራበት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያለበት ቤት፦ ፋሚሊ ሊንክ በእናት ስልክ፣ ድረ ገጽ "የተፈቀደ ብቻ"፣ ስልኩ እናት በሌለችበት የማታ ሰዓት እንዲቆለፍ። እናት ሥራ ላይ ስልክ መያዝ የማትችል ከሆነ ሁለተኛ ወላጅ አድርጋ እህቷን ታስገባ፤ ፋሚሊ ሊንክ ይፈቅዳል።

ደሴ፣ አያት ብቻቸውን ሁለት ልጅ የሚያሳድጉበት ቤት፦ ክሊንብራውዚንግ በሁለቱም ስልክ፣ ሴቲንግ ተቆልፎ፣ ቁልፉን የሚያውቅ አንድ ዘመድ። ልጆቹ ፊት "እማማ፣ አብሽሩ፣ እኔ አለሁ፤ ስልኩ ሲበላሽ እኔን ይጥሩኝ" የሚል ጎረምሳ የአክስት ልጅ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ልጆቹ አያታቸውን ማታለል ይችሉ ይሆናል፣ እሱን ግን ይፈሩታል።

የአሥረኛ ወይም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት፦ ክላውድፍሌር፣ የቴሌግራሙ ማስተካከያ፣ ማታ ስልኩ ሳሎን ቻርጅ እንዲደረግ ስምምነት። በዚህ ዕድሜ በስውር መሰለል አይሠራም፤ ልጁ ሲደርስበት እምነቱ ይሄዳል። ምን እንደተዘጋና ለምን እንደተዘጋ ፊት ለፊት ይንገሩት። አንድ ሰው ፎቶ ላክልኝ ቢለው ወይም ቢያስፈራራው ሳይቆጡ እንደሚሰሙት ደግመው ደጋግመው ይንገሩት፤ ልጆች ዝም የሚሉት ስልኩ እንዳይወሰድባቸው ፈርተው ነው።

የቱንም ይምረጡ፣ ከሞሉ በኋላ ስልኩን ራስዎ ይዘው ይሞክሩት። በክሮም፣ በፊኒክስ፣ በዳታም በዋይፋይም መዘጋት ያለበትን ነገር ይጻፉ፤ አንዱ ከከፈተ እዚያው ያስተካክሉ። ከስልክ ማሻሻያ በኋላም እንደገና ይሞክሩት። ስልኩ ለታናሽ ሲተላለፍ ወይም ፒያሳ ወስደው ሊሸጡት ሲሉ ደግሞ መጀመሪያ የልጁን አካውንት ከስልኩ ያውጡ፣ ቀጥሎ ፎርማት ያድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ የድሮውን አካውንት እየጠየቀ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል፤ ገዢው ይዞት ይመለሳል።